ጉልቻው ይለወጥ!

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” የሚለውን ተረት በዚህ ግቢ ውስጥ ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። ሹም ተሽሮ ሹም ሲተካ፣ አንድ ዕቅድ ወድቆ ሌላ ዕቅድ ሲወጣ፣ ከመካከላችን አንዱ ይነሣና ይህን ተረት ይተርታል፤ ክርክሩም በዚያው ይዘጋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሹም አይደለም። ስለ ጉልቻ ነው፤ ይኸውም በጎጃም ገጠር ምጣድና ድስት ስለሚጣድባቸው ስለ ሦስቱ ድንጋዮች ነው።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ወር በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ወሬው የተጀመረው ስለ ገጠር ሴት ኑሮ ነበር። አንደኛው ጓደኛችን የምህንድስና ተማሪ ነው፤ “ለገጠር ሴቶች የተሻሻለ ምድጃ ተሰጥቷቸው አንጠቀምም ብለዋል፤ ድንቁርና እስካልጠፋ ድረስ ምድጃ ቢታደል ከንቱ ነው” አለ። ሁለተኛው፣ “ስለ ምድጃ መከራከሩ ራሱ ኋላ ቀርነት ነው፤ የአባይ ግድብ አልቋል፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ጭሱ አብሮ ይጠፋል” ሲል መለሰ። ሦስተኛው ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ እየሳበ ተረቱን ተረተና ተኛ። በዚያች ሌሊት ለሦስቱም የሚበቃ መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን አለኝ።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። የተወለድሁት ቢቸና አጠገብ ነው። እስከ ሃያ ዓመቴ ድረስ እንጀራ ስበላ ኖሬ፣ እንጀራ ሲጋገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ያየሁበት ቀን አልነበረም። ወንድ ልጅ ማድቤት አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰነዝረው ወቀሳ መጀመሪያ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገሬ ገብቼ ሳለ ታናሽ እኅቴ ታመመች። እናቴ ስትጋግር እሳቱን የሚያነድላት ሰው ስላልነበረ እኔ ላንድድ አልሁ። አገሩን የማያውቅ አንባቢ ይህን ይወቅልኝ፤ የቢቸና መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ጤፍ ያበቅላል። ዛፉ ግን ከየደብሩ ደንና ከባሕር ዛፍ በቀር እምብዛም የለም፤ ባሕር ዛፉም አጣና ሆኖ ለገበያ ይሄዳል። ምጣድ ሥር የሚገባው እንግዲህ ኩበት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው። በክረምት ደግሞ ኩበቱ እርጥበት አይለየውም። ኩበቱን እየሰበርሁ ሳስገባ፣ ቅጠሉ ቦግ ብሎ ሲጠፋብኝ፣ ጎንበስ ብዬ እፍ ስል፣ ጭሱ ከክዳኑ በታች እንደ ደመና ተኛ። ሦስተኛው እንጀራ ሳይወጣ ዓይኔን ይዤ ወደ ደጅ ሮጥሁ። እናቴ ግን ሃያ ሁለት እንጀራ ጋግራ እስክትጨርስ ከዚያ አልተነሣችም። ይህንንም በየሦስት ቀኑ ታደርገዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አድርጋዋለች።

በጓሯችን ግን አንድ የሲሚንቶ ምድጃ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ያደለው ነው። ዛሬ ዶሮ ትታቀፍበታለች። ዓይኔ ከእንባው ካረፈ በኋላ እናቴን ጠየቅኋት።

“እማዬ፣ ይህ ምድጃ እያለ ስለ ምን በጉልቻ ትጋግሪያለሽ?”

“ምን ላድርገው ልጄ? ምጣዴ ከሱ ይሰፋል። አፉም ለፍልጥ እንጂ ለኩበት አይሆንም፤ ኩበቱን እንደ ዳቦ ቆራርሼ ካልሰጠሁት አይቀበለኝም። አምስት እንጀራ ሳላወጣ አመዱ ይሞላዋል፤ አመዱን ልዝቅ ብዬ የጋለ ምጣድ ላንሣ? ኋላም አንዱ ወገኑ ተሰነጠቀ፤ ምትክ ብናፈላልግ ቢቸና የለም ተባለ።”

“ያደሉት ሰዎች ተመልሰው መጥተው አልጠየቁሽም?”

“መጥተው ነበር። አጠገቡ አቁመው ፎቶግራፍ አነሡኝ።”

የምህንድስና ጓደኛዬ ሆይ፣ ድንቁርና ያልኸው ይህ ነው? ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአራት ዓረፍተ ነገር የመጠኑን ስሕተት፣ የአፉን ስሕተት፣ የአመድ ማውጫውን ስሕተትና የመለዋወጫውን እጦት ነግራኛለች። አንተ በመመረቂያ ጽሑፍህ ላይ ስለ አንድ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ሐተታ ብትጽፍ መምህሮችህ ደስ ይላቸዋል። ልዩነታችሁ አንድ ብቻ ነው፤ አንተን የሚጠይቅህ አለ፤ እሷን የጠየቃት የለም።

ከቢቸና ተነሥቼ ወደ ሞጣ ወደ አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። አክስቴ በሞጣ ከተማ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታቀርባለች። ለሷ ማገዶ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ የባሕር ዛፍ ፍልጥና ቅጠል በሸክም ትገዛለች። እሷም ዘንድ ያው ዓይነት የሲሚንቶ ምድጃ አገኘሁ፤ የሷ ግን ይነድዳል። ጎንበስ ብዬ ብመለከተው ከፋብሪካ እንደ ወጣ አይደለም። አፉን በመሮ አስፍታዋለች። በጎኑ ከታች በኩል አመድ መጥረጊያ ቀዳዳ አስበስታለች። ከምጣዱ ጋር ያልገጠመበትን ዙሪያ ጭድ በተቦካ ጭቃ መርጋዋለች። ማን እንዳሳያት ብጠይቃት፣ “ጭሱ ነዋ!” ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ የማገዶ ወጪዋ እንደ ቀነሰላት ነገረችኝ። ምን ያህል እንደ ሆነ በሚዛን አልለካሁትም፤ ነጋዴ ግን በከረጢቱ አይሳሳትም።

አንድ ምድጃ በቢቸና የዶሮ ቤት ሆነ፤ በሞጣ እንጀራ ይጋግራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሴቶቹ ዕውቀት አይደለም፤ አክስቴ በከተማ በምትገዛው ፍልጥ ምድጃውን እያስተካከለች የምትሞክርበት አቅም ስለ ነበራት ነው። እናቴ ግን የምትሞክርበት ትርፍ ቀንም ትርፍ ማገዶም የላትም። እንግዲህ ማስተካከሉ የማን ሥራ ነበር?

አሁን ነገሩን በሳይንስ እንየው። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። በሦስት ጉልቻ መካከል እሳቱ በሁሉም አቅጣጫ ነፋስ ይመታዋል፤ ከሙቀቱ የሚበልጠው ክፍል ወደ ጎንና ወደ ጣሪያ ይሄዳል፤ ለምጣዱ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ቢሆን ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ እንደ ድስት አይደለም። ስፋቱ ስድሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከመካከል እስከ ዳር እኩል ካልጋለ እንጀራው አንድ ወገኑ ያርራል፤ ሌላው ወገኑ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጋጋሪዋ እሳቱን ከጥግ ጥግ ታዳርሳለች። በአገራችን ከቤት ማገዶ እኩሌታው ያህል፣ ወይም ከዚያ የሚበልጠው፣ የሚያልቀው ለእንጀራ ነው። ስለ ምድጃ የሚጽፉት የውጭ አገር መጻሕፍት ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ድስት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ በዓለም ላይ ምድጃ ሲመዘን የኖረው አንድ ድስት ውሃ በማፍላት ነው። በደረቅና በተመጠነ ፍልጥ ውሃ ያፈላ ምድጃ በነሐሴ እርጥብ ኩበት ሃያ እንጀራ ይጋግራል ያለው ማን ነው?

ፍርዴ ግን ሚዛኑን እንዳይስት፣ የተመሰገነውንም ላመስግን። “ምርጥ” የተባለው ምድጃ የፈረንጅ ዕቃ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ባለሙያዎች ለእንጀራ ምጣድ ተብሎ የተነደፈ፣ ከአሸዋ ወይም ከቀላል ድንጋይ ደቃቅና ከሲሚንቶ የሚሠራ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ይከልላል፤ ከኋላው በሚወጣው ትኩስ ጭስም ሁለተኛ ድስት ያሞቃል። ከዚያ ወዲህ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እርዳታ በየከተማው የሚሠሩ ሠራተኞች ሠልጥነውበታል። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይቆጥባል ሲባል ኖሯል። ተመራማሪዎች በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ገጠር በየቤቱ ሄደው ሴቶቹ ራሳቸው ሲጋግሩ ቢመዝኑ ግን፣ በ2018 በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳተሙት ውጤት ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆነ። ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም፤ ከአራት ሸክም አንዱን ማስቀረት ነው። ነገር ግን በተባለውና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት የሚያስተምረን አለ። ልዩነቱ የተወለደው በማድቤት ውስጥ ነው፤ ማድቤቱን ያየው መሐንዲስ ጥቂት ነው።

የጤናውስ ነገር? በማላዊ ገጠር ከ10,000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ትልቅ ጥናት ተደርጎ፣ ጭስ ይቀንሳል የተባለ ዘመናዊ ምድጃ ለእናቶቻቸው ተሰጠ። በ2016 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው ውጤት፣ በሳንባ ምች ረገድ ምድጃው በተሰጣቸውና ባልተሰጣቸው መካከል ልዩነት አልተገኘም የሚል ነው። በእኛው በጎጃም በሜጫም የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ታድሎ በተደረገው ጥናት፣ በ2021 የታተመው ውጤት የሕፃናቱ ሕመም በሚያስተማምን መጠን አለመቀነሱን ይናገራል። በህንድ በኦሪሳ የተደረገው ጥናት ደግሞ ምድጃው በመጀመሪያው ዓመት ጭስን ቢቀንስም፣ ቆይቶ ሳይጠገንና ሳይነድ በመቅረቱ ጥቅሙ እንደ ጠፋ ገልጿል። የማላዊ እናት፣ የሜጫ እናት፣ የኦሪሳ እናት ሁሉም በአንድነት ደንቁረው ነውን? ወይስ ጭስን በጥቂቱ መቀነስ ሕፃን ለማዳን አይበቃም፤ ምጣዱ ባዲሱ ምድጃ ሲጋገር ወጡና ቡናው ባጠገቡ በጉልቻ ይጨሳሉ፤ የተሰበረውንም የሚጠግን የለም? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ እንደ ሞተ ይገምታል። ይህን ያህል ሰው የሚገድል ነገር በይስሙላ ምድጃ አይመከትም።

ወደ ሁለተኛው ጓደኛዬ ልመለስ። የአባይ ግድብ ኩራታችን ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ሲመረቅ እኔም ከጨፈሩት አንዱ ነበርሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ኃይል አይደለም። ነገር ግን ግድብ እንጀራ አይጋግርም፤ እንጀራ የሚጋግረው ሽቦው ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአንድ ቀበሌ መቶ ሴቶች ለበዓል ዋዜማ በአንድ ጊዜ ቢጥዱ 350 ኪሎ ዋት ያህል መሆኑ ነው። ለአምፖልና ለሬዲዮ ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር ይህን አይሸከምም። ሽቦው እስኪወፍር፣ ትራንስፎርመሩ እስኪተከል፣ ገበሬውም ምጣዱን እስኪገዛ ስንት ዓመት ነው? አባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ይሄዳል፤ እናቴ ግን እስከዚያው ድረስ በየሦስት ቀኑ ትጋግራለች። ኤሌክትሪክ ይምጣ፤ ፈጥኖም ይምጣ። የነገው ብርሃን ግን ለዛሬው ጭስ ሰበብ ሊሆን አይገባውም።

ሦስተኛው ጓደኛዬ ተኝቷልና ቀስ ብዬ ልቀስቅሰው። ወንድሜ፣ ያን ተረት የተረተው ማን ይመስልሃል? ወጡን የሠራችው ሴት አይደለችም። በላተኛው ነው። በላተኛ ከወጡ የሚያውቀው ጣዕሙን ብቻ ነው። ወጥ ሠሪዋ ብትጠየቅ ኖሮ ጉልቻ ሲለወጥ የሚለወጠውን ትነግረን ነበር፤ ዓይኗን፣ ሳልዋን፣ ወገቧን፣ በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ትቆጥርልን ነበር። እኅቴ በሳምንት ስንት ቀን ኩበት ለመልቀምና ለመጠፍጠፍ ከትምህርት ቤት እንደምትቀርም ትነግረን ነበር። እኔ ወንድሟ ከዚህ የደረስሁት እሷ ስለ ቀረች ነው።

በበጋ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። የሚነድደው ኩበት ለማሳው የሚገባው ፍግ ነበር። በእሳት ውስጥ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር በኖ ይጠፋል። ገበሬው በጥር ኩበቱን ያነድዳል፤ በሰኔ ማዳበሪያ ለመግዛት ይበደራል። ስለዚህ የምድጃ ጉዳይ የሴት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው የአባቱን ዕዳ መዝገብ ይመልከት።

የቀደሙት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. “መሬት ለአራሹ” ብለው አደባባይ ሲወጡ የተሟገቱት ለጭሰኛው ነበር። ጭሰኛ ማለት በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ጭስ የሚያጨስ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሻረው። የጎጃም ሰው እኔ ርስተኛ እንጂ ጭሰኛ አልነበርሁም ብሎ ይመካል፤ እውነት ነው፤ አገሩ የርስት አገር ነበር። ማድቤቱን ግን ማንም አላየውም። ባል ርስተኛ በነበረበት ቤት ሚስት ጭሰኛ ነበረች፤ አዋጁ ከወጣ ይኸው ከአምሳ ዓመት በላይ ሆነ፤ እሷ ዛሬም ጭሰኛ ናት። ግብሯን የምትከፍለው በዓይኗና በሳንባዋ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መንግሥት በ2011 በፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ዕቅድ እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን ምድጃ ለማዳረስ አስቦ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን የታደለ ምድጃ ሁሉ የነደደ ምድጃ አይደለም፤ በጓሯችን ያለችው ዶሮ ምስክር ናት። ህንድም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠር ምድጃ አድላ ብዙው ተጥሎ ቀርቷል። በዚያው ዘመን ቻይና ከ120 ሚሊዮን በላይ ምድጃ በገጠሯ ስትሠራ ግን፣ በየወረዳው ቢሮና ሠልጣኝ ምድጃ ሠሪ አቋቁማ፣ ገበሬው አብዛኛውን ወጪ ራሱ ከፍሎ ነው። ሰው የከፈለበትን ዕቃ አይረባም ካለ ይመልሳል፤ በነጻ የተሰጠውን ግን ዝም ብሎ ዶሮ ያስታቅፍበታል።

ስለዚህ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ለጎጃም ደጋ የሚነደፍ ምድጃ የሚፈተነው በኩበት፣ በቅጠልና በጭራሮ ይሁን፤ የሚፈተነውም በክረምት ይሁን። አፉ ሰፊ፣ ከታች አየር የሚያስገባ ብረት ርብራብ ያለው፣ አመዱ ምጣድ ሳይነሣ የሚጠረግ፣ ጭሱም በቱቦ ከቤት የሚወጣ ይሁን። ቱቦው የሣር ክዳን እንዳያቃጥል አብሮ ይታሰብበት።

ሁለተኛ፣ ፈታኟ ጋጋሪዋ ትሁን። ውሃ አፍልቶ ማለፍ ይቅር። አንዲት የቢቸና ሴት በገዛ ምጣዷ ሃያ እንጀራ ጋግራ “ይሆነኛል” ካላለች፣ ንድፉ ወድቋል ማለት ነው፤ የነዳፊው ማዕረግ ምንም ይሁን ምን።

ሦስተኛ፣ ሸክላ ሠሪዋ መሐንዲስ ተብላ ትጠራ። በአገራችን የምጣድን ውፍረት፣ የጭቃን ጠባይ፣ የእሳትን መጠን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ ግን ምጣዷን ገዝተን እሷን ቡዳ ብለን ስንሰድብ ኖረናል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ከወረቀት ወደ ልባችን ሳይገባ መቶ ዓመት አለፈው። ሞጣና ቢቸና ላይ ምድጃ የሚሠራና የሚጠግን ሰው ካስፈለገ፣ ሠሪዋ እዚያው አለች።

አራተኛ፣ ምድጃ ሲቆጠር የታደለው ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ሲነድ የተገኘው ይቆጠር። ፎቶግራፍ ማስረጃ አይሁን።

አምስተኛውና ለወንዶች ብቻ የምለው፣ በሚመጣው ዕረፍት አገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንጀራ ሲጋገር እሳቱን እናንድድ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንቁርና እንነጋገራለን።

የምህንድስና ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት አንብቦ፣ “ታዲያ እናትህ ዘንድ ብሄድ ታስተምረኛለች?” ሲል ጠየቀኝ። ታስተምርሃለች። ሜትር ያዝ፤ ማስታወሻ ደብተር ያዝ፤ መሐረብም አትርሳ። ጉልቻ ቢለወጥ ወጡ ላይጣፍጥ ይችላል። ይህን የምናውቀው ግን ጉልቻው ከተለወጠ በኋላ፣ እሷን ጠይቀን ነው።

አንድ የቢቸና ልጅ